ጠይቁን፦ ከአርዱዪኖ የትዝታ ቅኝት ማውጣት ይቻላል ወይ?

ሰላም ናችሁ ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ዳር ናቸው፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ እና ደስ የሚለው ሁሉም አንድ ነገር ላይ ነው የሚያጠነጥኑት፣ ከአርዱዪኖ፣ ማለትም ኮድ ከሚጫንበት ትንሽ ባለ ቺፕ ቦርድ፣ ድምፅ ማውጣት። ስለዚህ የሶላሩንና የሞባይል ጥገናውን ጥያቄ ለሚቀጥለው አቆይተን ገጹን በሙሉ ለድምፅ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፣ ከኮዬ ፈጬ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አርዱዪኖ ኡኖ አለኝ፣ መርካቶ ሄጄ ባዘር (ትንሿን ጩኸት ማውጫ) ገዛሁ፣ ዜማ የሚያጫውት ኮድ ከኢንተርኔት አወረድኩና ጫንኩት፣ ግን ሁሉም ኖታ አንድ አይነት ጩኸት ነው፣ ዝም ብሎ ቲ ቲ ቲ ይላል። ባዘሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ ኮዱ?

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ናቸው ወንድሜ፣ የባዘሩ አይነት ነው የተለየብህ። ባዘር ሁለት አይነት አለ፣ አክቲቭና ፓሲቭ ይሏቸዋል። አክቲቩ ውስጡ የራሱ ድምፅ አመንጪ ሰርኪት አለው፣ ከረንት ካገኘ በራሱ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ በሚንቀጠቀጥበት ብዛት) ይጮሃል፣ አንተ ኮድህ ላይ 262 በለው 440 በለው እሱ የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነው። ፓሲቩ ግን ውስጡ ምንም ሰርኪት የለውም፣ አንተ በምታበራውና በምታጠፋው ፍጥነት ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ዜማ የሚያወጣልህ እሱ ነው።

ሱቅ ስትሄድ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ይዘህ ሂድ። ቀጥላቸውና ባዘሩን ንካበት፣ ያለማቋረጥ ከጮኸ አክቲቭ ነው፣ ስትነካው ጠቅ ስትለቀው ጠቅ ብቻ ካለ ፓሲቭ ነው። ገልብጠህም እየው፣ ብዙ ጊዜ ከስሩ አረንጓዴ ቦርዱ የሚታየው ፓሲቭ ነው በጥቁር ነገር የተደፈነው ደግሞ አክቲቭ፣ ግን ይሄኛው ሁሌ አይሰራም፣ የድንጋዩን ፈተና እመን። የገዛኸውን ደግሞ እንዳትጥለው፣ ለበር ደወል ጥሩ ነው።

እግረ መንገዳችንን ቶን የሚለው ፈንክሽን፣ ድምፅ የሚያስወጣው የኮድ ትእዛዝ ማለት ነው፣ ምን እንደሚሰራ እንይ፣ ከታች ላሉትም ጥያቄዎች ይጠቅማል። የኡኖ ፒን (ሽቦ የሚሰካበት ቦታ) ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ 0 ቮልት ወይም 5 ቮልት፣ መሀል የሚባል ነገር የለም። 440 ኸርዝ ስትለው በየ1136 ማይክሮ ሰከንድ ፒኑን ይገለብጠዋል፣ 5 የነበረው 0 ይሆናል 0 የነበረው 5 ይሆናል፣ በሰከንድ 440 ሙሉ ዙር ማለት ነው። ይሄን የሚቆጥረው ያንተ ኮድ ሳይሆን ቺፑ ውስጥ ያለ ታይመር 2 የሚባል ቆጣሪ ነው፣ ለዛም ነው ኮድህ ሌላ ስራ ላይ ሆኖ እንኳን ድምፁ የማይቋረጠው። ኡኖ ላይ ዝቅተኛው 31 ኸርዝ ነው፣ ከዛ በታች አይወርድም።

ጥያቄ፣ ከሰበታ፦ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ከአሮጌ ራዲዮ የፈታሁትን ባለ 8 ኦም ስፒከር በቀጥታ ፒን 8 ላይ አሰርኩት፣ ድምፁ ደካማ ነው፣ ቺፑ ደግሞ ይሞቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይሄን እያነበብክ ከሆነ መጀመሪያ ንቀለው፣ ከዛ እናወራለን። የኦምን ህግ ታውቀዋለህ፣ 5 ቮልት ለ8 ኦም ስታካፍለው 625 ሚሊ አምፔር ይመጣል። የቺፑ አንድ ፒን ጣሪያው 40 ሚሊ አምፔር ነው፣ በሰላም የሚኖረው ደግሞ 20 አካባቢ ነው። እርግጥ ፒኑ የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ስላለው 625 ሙሉውን አይሰጥህም፣ ግን ሊሰጥ ሲታገል ነው የሚሞቀው፣ እንደዛ ሲቆይ ፒኑ ይሞታል፣ አንዳንዴ ቺፑም አብሮ ይሄዳል።

መፍትሄው አንድ ትራንዚስተር ነው፣ በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ። 2ኤን2222 ካገኘህ በቂ ነው። ከፒን 8 ወደ ቤዙ 1 ኪሎ ኦም፣ ኤሚተሩ ወደ ግራውንድ፣ ስፒከሩን ከ5 ቮልትና ከኮሌክተሩ መሀል አድርገው፣ ከስፒከሩ ጋር በተከታታይ 33 ኦም ባለ ግማሽ ዋት ሬዚስተር ጨምር፣ ያኔ ከረንቱ 120 ሚሊ አምፔር አካባቢ ይሆንና ዩኤስቢውም ትራንዚስተሩም አይጨነቁም። ስፒከር ጠመዝማዛ ሽቦ ስለሆነ ከረንቱ ድንገት ሲቋረጥ ወደ ኋላ የሚመታ ቮልቴጅ ይፈጥራል፣ ስለዚህ 1ኤን4007 ዳዮድ ከስፒከሩ ጎን እሰርለት፣ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ 5 ቮልቱ። ዜማው ሲያልቅ ደግሞ ፒኑ 0 ላይ መቅረቱን አረጋግጥ፣ ካልሆነ ድምፅ ሳይኖር ከረንት ዝም ብሎ ይፈስና ሬዚስተሩንም ስፒከሩንም ያሞቃል።

አሁንም ድምፁ ቀጭን ከሆነብህ ጥፋቱ የሰርኪቱ አይደለም። ስፒከር ጠረጴዛ ላይ ራቁቱን ሲቀመጥ ከፊቱ የሚወጣው አየርና ከኋላው የሚወጣው ተገናኝተው ይጠፋፋሉ፣ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ። የጫማ ካርቶን ላይ በስፒከሩ ልክ ክብ ቅደድና አፉን ወደ ውጪ አድርገህ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈው፣ ክዳኑን ግጠመው። ልዩነቱን ስትሰማ እስካሁን ሰርኪት ስቀያይር ምን ነበርኩ ትላለህ።

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ፦ ክራር እጫወታለሁ፣ ሰፈር ውስጥ ለህፃናትም አስተምራለሁ። ወንድሜ አርዱዪኖ አመጣልኝና ልጆቹ ቅኝት እንዲለማመዱበት የትዝታን ድምፆች አስገባንበት፣ ግን ድምፁ ጆሮ ይበሳል፣ ክራርም አይመስል ማሲንቆም አይመስል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከክራሬ ጋር አይገጥምም። ከዚህ የተሻለ ነገር ይወጣዋል ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ እንዳትተዪው፣ በዚህ ዙር ከመጡት ጥያቄዎች በጣም የወደድኩት ያንቺን ነው። ጥያቄሽ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ አንዱ የድምፁ ልክ ነው ሌላው የድምፁ ጠባይ፣ ለየብቻ እንያቸው።

መጀመሪያ ልኩ። ትዝታ ሙሉውን ከመካከለኛው ዶ ብትጀምሪው በፒያኖ ስሌት 261.63፣ 293.66፣ 329.63፣ 392 እና 440 ኸርዝ ነው። አምባሰል ከዛው ቢነሳ 261.63፣ 277.18፣ 349.23፣ 392፣ 415.30 ይሆናል። ቶን የሚለው ፈንክሽን ግን ነጥብ ያለው ቁጥር አይቀበልም፣ ስለዚህ 262፣ 294፣ 330 ብላችሁ ነው ያስገባችሁት ብዬ እገምታለሁ። ይሄ ጥፋቱ ትንሽ ነው፣ 262 ከ261.63 የሚርቀው የግማሽ ድምፅን (በፒያኖ የሁለት ጎረቤት ቁልፎች ርቀትን) 2.5 በመቶ ብቻ ነው፣ ጆሮሽ እንደዛ አይጎረብጠውም። ወደ ታች ስትወርጂ ግን ይብሳል፣ 65.41 መሆን ያለበትን 65 ስትይው ወደ 11 በመቶ ይወርዳል፣ ያኔ አንቺ ትሰሚዋለሽ።

ስለዚህ በመሀለኛው ድምፅ ላይ አልገጥም ካለሽ ምክንያቱ የቺፑ ስሌት አይመስለኝም፣ ክራርሽ የተቃኘው በፒያኖ ስላልሆነ ነው። ክራር በጆሮ ነው የሚቃኘው፣ ለዘፋኙ ድምፅ ይመቻል ወደተባለው ከፍ ዝቅ ይደረጋል፣ በክሮቹ መሀል ያለው ርቀትም የግድ የፒያኖው አይደለም። እዚህ ጋ እኔ አቋሜ ግልፅ ነው፣ መሳሪያው ወደ አንቺ ይምጣ እንጂ አንቺ ወደ መሳሪያው አትሂጂ። ወንድምሽ አምስት ፖቴንሽዮሜትር (እንደ ራዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ የሚዞር) ከአናሎግ ፒኖቹ ላይ ይሰርልሽ፣ ለአንድ ክር አንድ፣ እያዞርሽ ከክራርሽ ጋር ታገጣጥሚዋለሽ ቁጥሩን እሱ ሜሞሪው ላይ ያስቀምጠዋል።

መግጠሙን እንዴት ታውቂያለሽ፣ ይሄን ጆሮሽ ያውቀዋል ግን ልጆቹን ስታስተምሪበት ደስ ይላል። አንዱን ክር ምቺና ስፒከሩንም አብረሽ አሰሚ። ክሩ 440 ሆኖ ስፒከሩ 443 ከሆነ ሁለቱ ተደባልቀው አንድ ድምፅ ይመስላሉ ግን ድምፁ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል፣ ዋው ዋው ዋው አይነት። ስታቀራርቢያቸው ውዝዋዜው ይዘገያል፣ በሰከንድ አንዴ፣ ከዛ በሁለት ሰከንድ አንዴ፣ ልክ ሲገጥሙ ይቆማል። ኖታ የማያነብ ልጅም ይሄን ይሰማዋል።

አሁን ወደ ጠባዩ። ጆሮ የሚበሳው ለምንድነው ካልሽ ከላይ እንዳልኩት ፒኑ 0 ወይም 5 ብቻ ስለሆነ ሞገዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ስኩዌር ዌቭ የሚሉት። 440 ብለሽ ስታዢው 440 ብቻውን አይመጣም፣ 1320 በሲሶ ጉልበት፣ 2200 በአምስተኛ ጉልበት፣ 3080 በሰባተኛ እያለ ጎዶሎ ጎዶሎውን እያስከተለ ይወጣል፣ ከጀመረ እስኪያልቅ ደግሞ ሁሉም በዛው ጉልበት ነው የሚቆዩት። የክራር ክር እንደዛ አይደለም፣ ሲመታ ብዙ ድምፅ አብሮ ይወጣል ግን ቀጫጭኖቹ ቶሎ ይሞታሉ፣ ወፍራሙ ብቻውን ቀርቶ እየደከመ ይጠፋል። ጆሮአችን ክር ነው ብሎ የሚያውቀው በዚህ አሟሟት ነው።

ለስለስ ያለ ድምፅ ከተፈለገ አንዱ መንገድ ፒኑን በጣም በፍጥነት ማብራትና ማጥፋት ነው፣ በሰከንድ 31372 ጊዜ አካባቢ፣ እና የሚበራበትን ጊዜ ረዘም አጠር እያደረጉ አማካዩን ቮልቴጅ እንደ ልብ ከፍ ዝቅ ማድረግ። ከፒኑ ቀጥሎ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ወደ ግራውንድ 33 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ሲደረግ (ፊልተር የሚሉት ይሄን ነው) ከ4800 ኸርዝ በላይ ያለው እየተዳከመ ፈጣኑ መብራት መጥፋት አብዛኛው ይወገዳል፣ የቀረው ላይ የፈለግሽውን ቅርፅ መሳል ይቻላል። ለቅርፁ ወንድምሽ 256 ቁጥር ያለው የሳይን (ለስላሳ ሞገድ) ሰንጠረዥ ያዘጋጃል፣ አንድ ባለ 32 ቢት ቆጣሪ ደግሞ እንደ ሰዓት እጅ በሰንጠረዡ ላይ ይዞራል፣ በየጊዜው የሚራመደው እርምጃ ሲረዝም ድምፁ ይቀጥናል ሲያጥር ይወፍራል። ለ440 እርምጃው 60,236,916 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ አያስደንግጣችሁ፣ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ከ0.00001 ኸርዝ ያነሰ ልዩነት መስጠት ይቻላል፣ የነጥቡ ችግር እዛው ያልቃል። እርምጃውን ቀስ እያሉ ሲቀይሩት ደግሞ ድምፁ ሳይቆረጥ ይንሸራተታል፣ ለማሲንቆ አይነት ዜማ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ግን ለክራር እኔ ብሆን በቀጥታ ወደ ሁለተኛው መንገድ ነው የምሄደው። በ1983 ኬቪን ካርፕለስና አሌክሳንደር ስትሮንግ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ያሳተሙት ዘዴ ነው፣ እና እንዲህ ቀላል ሆኖ እንዲህ የሚያምር ነገር በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ አላውቅም። በሜሞሪ ላይ አጭር የቁጥሮች ሰልፍ ትሰሪያለሽ፣ በዘፈቀደ ቁጥር ትሞይዋለሽ፣ ይሄ ክሩን መምታት ነው። ከዛ ከሰልፉ መጀመሪያ ያለውን ወደ ስፒከሩ ትልኪና እሱንና ቀጣዩን ደምረሽ ለሁለት አካፍለሽ ከሰልፉ መጨረሻ ትመልሽዋለሽ፣ በቃ ይሄን ብቻ እየደጋገምሽ። ሁለት ጎረቤት ቁጥሮችን ማቀራረብ ማለት ቀጭኑን ድምፅ ቀድሞ መግደል ማለት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጠንከር ብሎ ይመታል ከዛ እየለሰለሰ እየደከመ ይጠፋል፣ ክር ነው። የሰልፉ ርዝመት የድምፁን ልክ ይወስናል፣ በ31372 ፍጥነት ለ261.63 ወደ 120 ቁጥር፣ ለ440 ደግሞ 72 ይበቃል። የአምስቱም ክር ሰልፍ ተደምሮ ከ500 ባይት አይበልጥም፣ ኡኖ 2048 ባይት አለው። አንድ እንከን አለው፣ የሰልፉ ርዝመት ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ልኩ ወደ 10 በመቶ የግማሽ ድምፅ ሊዛነፍ ይችላል፣ ስለዚህ ለመቃኛ የሳይኑን፣ ለመለማመጃ ዜማ ይሄኛውን ተጠቀሙ። ስፒከሩን ለማጉላት ግን እዚህ ላይ የሰበታው ትራንዚስተር አይሆንም፣ እሱ የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው፣ ፒኤኤም 8403 የሚባለውን በ5 ቮልት የሚሰራ ትንሽ አምፕሊፋየር ፈልጉ፣ ከፊቱ የድምፅ መቀነሻ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር አድርጉ ምክንያቱም ከፒኑ የሚመጣው ለሱ በጣም ይበዛበታል።

ጥያቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦ እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም ሌሊት ነው። ልጄ ውሃ ሲመጣ የሚጮህ ነገር ሰርቶልኛል እግዜር ይስጠውና፣ ግን እኔ አልሰማውም፣ እሱ ጆሮዬን በጠሰው ይላል እኔ ግን እንቅልፌን እተኛለሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል። ምን ይደረጋል?

መልስ፦ እናቴ ልጅዎ ይባረክ፣ ስራው ጥሩ ነው የመረጠው ድምፅ ብቻ ነው ያልሆነው። ትንንሾቹ ባዘሮች የሚበረቱት ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው ቀጭን ድምፅ ላይ ነው፣ የወጣት ጆሮ ደግሞ ለዛ ድምፅ በጣም ንቁ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ግን መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭኑን የምንሰማበት ነው፣ ስለዚህ ለእሱ ጆሮ የሚበጥሰው ለእርስዎ ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር ይሆናል።

ይሄ ጉዳይ በእሳት ማንቂያ ላይ በደንብ ተጠንቷል። አውስትራሊያ ውስጥ የተኙ ሰዎችን በተለያየ ድምፅ እየቀሰቀሱ የፈተኑ ተመራማሪዎች የተለመደውን 3000 ኸርዝ አካባቢ ያለ ቀጭን ድምፅ ከ520 ኸርዝ ስኩዌር ዌቭ ጋር አወዳድረው አዛውንቶችንም መስማት የሚከብዳቸውንም በተሻለ የሚቀሰቅሰው ወፍራሙ እንደሆነ አገኙ፣ አሜሪካኖቹም ኤንኤፍፒኤ 72 በሚባለው የእሳት ማንቂያ ደንባቸው በ2010 እትም ለመኝታ ቦታ ይሄንኑ 520 አስገቡት። እና ልብ በሉልኝ፣ ለለገጣፎዋ እህታችን ጆሮ በሳ የተባለው ስኩዌር ዌቭ እዚህ ቦታ ላይ ተፈላጊ ነው፣ 520 ብቻውን ሳይሆን 1560ም 2600ም አብሮ ስለሚመጣ ጆሮ አንዱን ቢስት ሌላውን ይይዛል።

ልጅዎ እንግዲህ ይሄን ያድርግ፦ ባዘሩን አንስቶ በሰበታው ወንድማችን ሰርኪት ስፒከር ያስገባ፣ ባዘር በ520 ላይ ደካማ ነውና። ቶኑን 520 አድርጎ ግማሽ ሰከንድ ይጩህ ግማሽ ሰከንድ ዝም ይበል፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ ድምፅ ወጥ ሆኖ ከሚቆየው ይልቅ ይቀሰቅሳል። ስፒከሩ ቧንቧው ጋ ሳይሆን ራስጌዎ ጋ ይሁን፣ ረዥም ሽቦ ነው የሚያስፈልገው።

ልጁ ሁለት ነገር እንዲያይልኝም እፈልጋለሁ። ውሃው የሚለየው በሁለት ሽቦ ከሆነና ሽቦዎቹ ላይ ሁልጊዜ ከረንት ካለ አንደኛው እየተበላ አረንጓዴ ይሆናል፣ ስለዚህ በየጥቂት ሰከንዱ ለአፍታ ብቻ አብርቶ አንብቦ ያጥፋው፣ ወይም ሮቶ ላይ እንደሚገባው አይነት ተንሳፋፊ ስዊች በባልዲ ውስጥ ያድርግ፣ ቧንቧውን ከፍተው ባልዲውን ከስሩ ያስቀምጡታል። ቧንቧ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው አየር ስለሆነ ትንሽ ረጭቶ ሊያቆም ይችላል፣ ባልዲው ትንሽ ከያዘ በኋላ ቢጮህ እርስዎም በከንቱ አይነሱም። ሌላው መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ይሰራል ብሎ ከሆነ ይፈትነው፣ ብዙ ፓወር ባንኮች የሚወሰደው ከረንት ትንሽ ሲሆን ስልኩ የሞላ መስሏቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ እርስዎ ተኝተው እሱም ይተኛል። 18650 የሚባለውን የሚሞላ ባትሪ ከነቻርጀር ሞጁሉና ወደ 5 ቮልት ከሚያነሳው ጋር ማድረግ ይሻላል።

ጥያቄ፣ ከቡራዩ፦ የሪሞት ተቀባይ ላይብረሪና ቶን አንድ ላይ ሳስገባ ኮዱ እምቢ ይላል፣ ቬክተር 7 ምናምን የሚል ኤረር ያመጣል። ለብቻ ለብቻ ግን ይሰራሉ።

መልስ፦ ሁለቱም ታይመር 2ን ይፈልጋሉ፣ አንድ ታይመር ደግሞ ለሁለት ጌታ አይገዛም። የቶንን ስራ ወደ ታይመር 1 የሚያዛውር ላይብረሪ ተጠቀም፣ ያኔ ፒን 9 እና 10 ላይ ያለው አናሎግ ራይት (የብርሃን ወይም የሞተር ጉልበት ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ትእዛዝ) ይቋረጣል፣ ሰርቮም ካለህ ይጋጫል፣ እሱን አስብበት። ሪሞት ባይኖርም ቶን ሲጮህ ፒን 3 እና 11 ላይ ያሰርከው ኤልኢዲ ብርሃኑ የሚረበሸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ፦ በአርዱዪኖ ፈንታ ኢኤስፒ 32 የሚባለውን ቦርድ ብገዛ ይሄ ሁሉ ፊልተር ምናምን ይቀርልኛል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ኢኤስፒ 32 ከሆነ ብዙው ይቀርልሃል፣ ፒን 25 እና 26 ላይ ባለ 8 ቢት ዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያ አለው፣ መሀል ያለውን ቮልቴጅ በቀጥታ ይሰጥሃል። ኤስ 3 እና ሲ 3 የሚባሉት አዳዲሶቹ ላይ ግን ይሄ የለም፣ ስለዚህ ስትገዛ ቦርዱ ላይ ያለውን የቺፑን ፅሁፍ አንብብ። ፒኖቹ 3.3 ቮልት ናቸው፣ 5 ቮልት እንዳታስገባባቸው፣ ስፒከርም በቀጥታ እንዳታስርበት።